ገምጋሚ ዳታውን ሲጠራጠር

ከውርጌሳ በስተምዕራብ፣ በደላንታ ደጋ፣ የወገልጤና ቆፋሪዎች ገደሉን እየፈለፈሉ የሚያወጡት ኦፓል ብርሃን ሲያርፍበት ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ እያፈራረቀ ያበራል። ከእ.ኤ.አ. 2008 ወዲህ በዓለም ገበያ ስሙ የገነነው ይህ ድንጋይ ውበቱን ያገኘው ከማቅለሚያ ንጥረ ነገር አይደለም። በውስጡ ጥቃቅን የሲሊካ እንክብሎች በሥርዓት ተደርድረዋል፤ ብርሃን በመካከላቸው ሲያልፍ ይበተንና እንደ አያያዛችን ቀለሙ ይለዋወጣል። የኦፓልን ምስጢር የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1964 በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አይተው አሳውቀዋል።

በክሪስታል ውስጥም አተሞች እንዲሁ በሥርዓት ይደረደራሉ፤ ግን ከእንክብሎቹ እጅግ ስለሚያንሱ ብርሃን አይደርስባቸውም። ስለዚህ በብርሃን ፈንታ የኤሌክትሮን ጨረር በክሪስታሉ ውስጥ ያልፋል፤ ጨረሩም ተበትኖ መቅረጫው ላይ ነጠብጣቦች ይተዋል። ከነጠብጣቦቹ ቦታና ድምቀት የአተሞቹ አቀማመጥ በስሌት ይወጣል። ይህ ኤሌክትሮን ዲፍራክሽን ይባላል። ውጤቱ ለኅትመት ሲላክ የሚገመግሙት የዘርፉ ባለሙያዎች ቀድመው የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ ዳታው ይታመናል?

ይህ ጥያቄ እንደ ዳን ሼክትማን የከበደበት ሰው ጥቂት ነው። እስራኤላዊው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 8 ቀን 1982፣ በአሜሪካ ሜሪላንድ፣ በፍጥነት ከቀዘቀዘ የአሉሚኒየምና የማንጋኒዝ ቅይጥ ላይ በክብ የተደረደሩ አሥር ነጠብጣቦች አየ። በጊዜው በነበረው የክሪስታል ሕግ መሠረት ይህ ሊሆን አይችልም። ማስታወሻው ላይም ሦስት የጥያቄ ምልክት አሰፈረ። ባልደረቦቹ ተጣብቀው ያደጉ ክሪስታሎች አሳስተውታል አሉ። እሱ ግን ናሙናውን በማይክሮስኮፑ ውስጥ እያዞረ፣ የተጣበቀ ክሪስታል ምልክት እየፈለገ ደጋግሞ ለካ። ምልክቱ አልተገኘም።

እ.ኤ.አ. በ1984 ክረምት ጽሑፉን አንድ መጽሔት መለሰበት። በዚያው ዓመት ኅዳር፣ ዳታውን እንደገና ከመረመሩ ባለሙያዎች ጋር ሆኖ በሌላ መጽሔት አሳተመው። እንዲያም ሆኖ ሁለት ጊዜ የኖቤል ተሸላሚ የሆነው ሊነስ ፖሊንግ እስኪሞት ድረስ አልተቀበለውም። ብዙዎቹን ተጠራጣሪዎች ያሳመነው እ.ኤ.አ. በ1987 በፈረንሳይና በጃፓን የተገኘው፣ በኤክስሬይ ለመለካት የሚበቃ የዚሁ ዓይነት ትልቅ ክሪስታል ነው። ሼክትማን እ.ኤ.አ. በ2011 በኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለመ።

ዛሬ ዘዴው በጣም ረቅቋል። እ.ኤ.አ. በ2018 ሁለት የተመራማሪ ቡድኖች ከዱቄት ውስጥ በተገኙ ከማይክሮሜትር ባነሱ ክሪስታሎች የመድኃኒቶችን ቅርጽ ማወቅ እንደሚቻል አሳዩ፤ ሁላችንም የምናውቀው ፓራሲታሞል አንዱ ነው። የገምጋሚው ጥያቄም አብሮ ረቀቀ። ናሙና መያዣው እስከ ተወሰነ ማዕዘን ብቻ ስለሚዘነብል ከዳታው የሚጎድል ክፍል አለ። ገምጋሚው ይህን ጉድለት ሲያነሳ «ለእኛ ይበቃል» ማለት መልስ አይሆንም፤ በተለያየ አቅጣጫ ከተኙ ብዙ ክሪስታሎች የተሰበሰበውን ማዋሃድ ግን መልስ ነው። ኤሌክትሮን በክሪስታሉ ውስጥ ደጋግሞ ስለሚበተን የነጠብጣቦቹ ድምቀት ይዛባል፤ ይህንንም በስሌቱ ውስጥ ማስገባት ይገባል።

በጣም ደካማ የሆኑትን ነጠብጣቦች የት ላይ መቁረጥ ይሻላል የሚለው የቆየ ክርክር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ካርፕለስና ዲዴሪክስ የተባሉ ተመራማሪዎች ልኬቶቹን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ሁለቱ ወገኖች ምን ያህል እንደሚስማሙ ማየትን አቀረቡ። ወገኖቹ መስማማታቸውን ካቆሙ ከዚያ ወዲያ ያለው ጫጫታ እንጂ ዳታ አይደለም። የዚህን ስምምነት መጠን በቁጥር በሠንጠረዥ አስቀምጦ የላከ ደራሲ የገምጋሚውን ግማሽ ጥያቄ ቀድሞ መልሷል።

ክሪስታሉን ውጭ አገር አስለክቶ የሚጽፍ የወልድያም ሆነ የአዲስ አበባ ተመራማሪ የተጠናቀቀውን ሠንጠረዥ ብቻ ይዞ መመለስ የለበትም። ጥሬ ምስሎቹን ከነመለኪያ ማስታወሻቸው ይጠይቅ፣ ያስቀምጥ፣ ከጽሑፉም ጋር ይፋ ያድርግ። ዜኖዶ የተባለው፣ የአውሮፓው የምርምር ተቋም ሰርን የዳታ ማከማቻ ለዚህ ገንዘብ አያስከፍልም።