ኩላሊት የተተከለለት ሰው ሻጋታን ለምን ይፈራል?

ሻጋታ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የሰነበተ እንጀራን ነው። ከሻጋታ የሚቦነውና እንደ ዘር የሚያገለግለው ብናኝ ግን በዓይን ሳይታይ አየሩ ውስጥ ይንሳፈፋል፤ በየቀኑም እንተነፍሰዋለን። ታዲያ ለምን አንታመምም? በሳንባችን ያሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ገና ሳይበቅል ስለሚያጠፉት ነው። የሰውነታችን ዘበኞች ብንላቸው ያስኬዳል።

እነዚህ ዘበኞች ግን እንግዳን ከሌባ አይለዩም። ኩላሊቱ ለደከመ ሰው የሌላ ሰው ኩላሊት ቢተከልለት «ይህ የቤቱ አይደለም» ብለው ያጠቁታል። እ.ኤ.አ. በ1954 ዓ.ም. ዶክተር ጆሴፍ መሪና ባልደረቦቹ በአሜሪካ፣ በቦስተን ከተማ ያደረጉት የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተሳካው ሰጪውና ተቀባዩ ፍጹም ተመሳሳይ መንትዮች ስለነበሩ ነው። መንታ ለሌለውስ? ዘበኞቹን የሚያደክም መድኃኒት መውሰድ ግድ ሆነ።

የሚያስገርመው፣ ከነዚህ መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ሳይክሎስፖሪን የተገኘው ከፈንገስ ነው፤ ያውም ከኖርዌይ ደጋ ከተወሰደ አፈር። እ.ኤ.አ. በ1983 ዓ.ም. በአሜሪካ ለሕክምና ተፈቀደ። እንግዲህ አንዱ ፈንገስ የተተከለውን አካል ሲያተርፍ፣ ዘበኞቹ በመድከማቸው ለሌሎቹ ፈንገሶች በሩ ተከፈተ ማለት ነው። ከነሱም መካከል፦

1ኛ/ ካንዲዳ፦ በጤነኛ ሰው አፍና አንጀትም ይኖራል። በተለይ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ወራት ወደ ደም ሊገባ ይችላል።

2ኛ/ አስፐርጊለስ፦ ከበሰበሰ ቅጠል፣ ከድርቆሽና ከሚፈርስ ቤት አቧራ ጋር ይቦናል። ብዙውን ጊዜ የሚያጠቃው ሳንባን ነው።

3ኛ/ ክሪፕቶኮከስ፦ የእርግብ ኩስ ባለበት አፈር ይገኛል። በሳንባ ገብቶ እስከ አንጎል ሽፋን ይደርሳል።

ማከሙስ ለምን ያስቸግራል? የፈንገስ ሕዋስ ከባክቴሪያ ይልቅ የእኛን ሕዋስ ስለሚመስል ለእሱ የታሰበው መድኃኒት እኛንም ሊጎዳ ይችላል። አምፎቴሪሲን ቢ ፈንገስን አጥብቆ ይመታል፤ ነገር ግን ኩላሊትንም ይጎዳል፤ ያን በስንት ልፋት የተገኘውን ኩላሊት! ቮሪኮናዞል ደግሞ ሳይክሎስፖሪን በደም ውስጥ እንዲበዛ ስለሚያደርግ ሐኪሙ እየለካ መጠኑን ይቀንሳል። በሽተኛው ፈርቶ መድኃኒቱን በገዛ ራሱ ቢያቆም ግን ኩላሊቱን ሊያጣ ይችላል። ሚዛኑ ይህን ያህል ጠባብ ነው።

በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የኩላሊት ንቅለ ተከላ ተጀምሯል። ስለዚህ ነገ በምንመደብበት ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ተማሪ፣ ወላጅ ወይም ባልደረባ ይገጥመን ይሆናል። እሱን አሮጌ መጋዘን ጥረግ፣ የእርግብ ቤት አጽዳ፣ ብስባሽ አገላብጥ ልንለው አይገባም። ትኩሳት ወይም ሳል ሲይዘው «ጉንፋን ነው፣ ያልፋል» ሳንል በዚያው ዕለት ወደ ሐኪሙ እንዲሄድ እንርዳው። እሱን መሸሽ ግን አያስፈልግም፤ እነዚህ በሽታዎች እንደ ጉንፋን በትንፋሽ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፉምና።