የኢጣልያ የስፖርት አውቶሞቢሎች ስምና አመዳደብ

በገበያ ላይ ያለ ዕቃ ሁሉ የሚሸጠውና የሚለወጠው በስሙ ነው። ስሙ ከተሳሳተ ውሉም፣ ቀረጡም፣ ዋጋውም አብሮ ይሳሳታል። ይህ እውነት ጐልቶ ከሚታይባቸው የንግድ ዐይነቶች አንዱ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፍጻሜ ጀምሮ በኢጣልያ የተሠሩት የስፖርት አውቶሞቢሎች ንግድ ነው። እነዚህ መኪናዎች ዛሬ እንደ ቅርስ ተቈጥረው በከፍተኛ ገንዘብ ስለሚሸጡ፣ በሰነዳቸው ላይ የተጻፈ አንድ ቃል ዋጋቸውን በእጥፍ ከፍ ሊያደርገው ወይም በግማሽ ሊያወርደው ይችላል። ስለዚህ ስሞቹ ከየት እንደ መጡና ምንን ከምን እንደሚለዩ መረዳት ለገዢም፣ ለሻጭም፣ ለመዝጋቢ ሹምም ይጠቅማል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

አማርኛ ተናጋሪ ለኢጣልያ የመኪና ቋንቋ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። «መኪና»፣ «ጎማ»፣ «ፍሬን» የሚሉት ቃላት ከዚያው የመጡ ናቸው። በየጋራዡ የሚጠራው «ኩሽኔታ» እንኳ ከሥሩ ሲተረጐም «ትንሽ ትራስ» ማለት ነው፤ በቃሉ መጨረሻ የሚገኘው «ኤቶ» ወይም «ኤታ» የሚለው ቅጥያ ትንሽነትን ያመለክታልና። ይህን ያስተዋለ ሰው ከስሞቹ ዋነኛውን ለመፍታት አይቸገርም። «ቤርሊና» ከበርሊን ከተማ ስሙን ያገኘ ዝግ የፈረስ ሠረገላ ነበረ፤ በኋላም ጣሪያውና በሮቹ የተሟሉለት የቤተሰብ መኪና መጠሪያ ሆነ። «ቤርሊኔታ» እንግዲህ ትንሿ ቤርሊና ናት፤ ይኸውም ጣሪያዋ ዝቅ ያለ፣ ጀርባዋ ወደ ኋላ እየተንሸራተተ የሚወርድ፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ለፍጥነት የተሠራች ዝግ መኪና ናት። «ኩፔ» ደግሞ «የተቈረጠ» የሚል ትርጕም ያለው የፈረንሳይኛ ቃል ነው፤ በሠረገላ ዘመን የፊተኛው መቀመጫ ተቈርጦ የቀረለትን ሠረገላ ያመለክት ነበር። ኩፔም እንደ ቤርሊኔታ ዝግ ነው። ነገር ግን በ1950ዎቹ መጨረሻ በፌራሪ ፋብሪካ ልማድ ኩፔ የተባለው ለምቾትና ለረዥም ጕዞ የታሰበው፣ ቤርሊኔታ የተባለው ግን ክብደቱ ተቀንሶ ለውድድር ጭምር የተዘጋጀው ነበር።

ጣሪያቸው ክፍት የሆኑት ደግሞ በሦስት ይመደባሉ። እዚህ ላይ ሊታወቅ የሚገባው፣ በዚያ ዘመን ፋብሪካው ሞተሩንና ሻንሲውን ሲሠራ፣ የመኪናውን አካል ብዙውን ጊዜ የሚሠራለት ካሮሴሪያ የሚባል ሌላ የእጅ ጥበብ ቤት መሆኑ ነው። በ1948 ዓመት በቶሪኖ የአውቶሞቢል ትርኢት የሚላኖው የቱሪንግ ካሮሴሪያ ለፌራሪ 166 ኤም. ኤም. የሠራውን አካል አቀረበ። ጣሪያም የጐን መስተዋትም ያልነበረው ይህ ክብ አካል «ባርኬታ» ተባለ፤ ትርጕሙም «ትንሽ ጀልባ» ነው። ስያሜውን የሰጠው ጋዜጠኛው ጆቫኒ ካኔስትሪኒ እንደ ሆነ ይነገራል። ቍጥሩም ቢሆን ያለ ምክንያት አልተጻፈም። 166 የአንዱ ሲሊንደር ይዘት በኪዩቢክ ሴንቲሜትር ሲሆን፣ ሲሊንደሮቹ 12 ስለሆኑ ሞተሩ ወደ ሁለት ሊትር ይጠጋል። ኤም. ኤም. የሚለው ምሕጻር «ሚሌ ሚልያ» የተባለውን የአንድ ሺህ ማይል ውድድር ያሳስባል፤ ይህ ዐይነት መኪና በ1949 ዓመት ያንኑ ውድድርና የሌማንን የ24 ሰዓት ውድድር አሸንፏል።

ሁለተኛው «ስፓይደር» ነው። ቃሉ በእንግሊዝኛ «ሸረሪት» ማለት ሲሆን፣ ቀድሞ አካሉ ለቀለለና መንኰራኵሩ ለቀጠነ የፈረስ ሠረገላ የተሰጠ ስም ነበረ። ስፓይደር ለዝናብ ጊዜ ብቻ የሚዘረጋ ቀላል ሸራ አለው። ሦስተኛው «ካብሪዮሌ» ግን ውስጡ በጨርቅ የተለበጠ ወፍራም ተጣጣፊ ጣሪያና እየተሽከረከረ የሚወጣና የሚወርድ የበር መስተዋት ያለው፣ ክረምትና በጋ የሚነዳ መኪና ነው።

ይህ ልዩነት ጥቃቅን የሚመስለው ሰው ቢኖር የላንቻ አውሬሊያ ቢ 24ን ይመልከት። በ1954 እና በ1955 ዓመታት ፒኒን ፋሪና አካሉን የቀረጸው ስፓይደር 240 ብቻ ተሠራ። የፊት መስተዋቱ ወደ ጐን የታጠፈ ነው፤ በበሩ ላይ የውጭ እጀታም የሚወርድ መስተዋትም የለውም። በ1956 ዓመት የተተካው «ኮንቨርቲቢሌ» የውጭ እጀታና የሚወርድ መስተዋት ተጨምሮለት እስከ 1958 ድረስ 521 ተሠራ። ሞተሩ ከአንድ ቤተሰብ፣ አሠሪው አንድ ሲሆን፣ ለኑሮ የሚመቸው ሁለተኛው ዛሬ ከመጀመሪያው እጅግ ባነሰ ዋጋ ይሸጣል። ከቍጥሩ በኋላ «ኤስ» የሚል ፊደል ቢገኝ «ሲኒስትራ»፣ ማለት መሪው በግራ መሆኑን ያስረዳል።

ከአካል ስም በላይ ደግሞ የውድድር ሕግ የሚሰጠው ደረጃ አለ። «ግራን ቱሪዝሞ» ማለት «ታላቅ ጕዞ» ነው። በ1960ዎቹ ዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን በዚህ ደረጃ ለመመዝገብ በ12 ወር ውስጥ 100 መኪና መሠራቱን ይጠይቅ ነበር። ፌራሪ በ1962 ዓመት 250 ጂ. ቲ. ኦ.ን ባወጣ ጊዜ ባለ ሦስት ሊትሩ በጠቅላላው 36 ብቻ ቢሠራም፣ ከቀድሞው 250 ጂ. ቲ. ቤርሊኔታ የተሻሻለ እንጂ አዲስ ዐይነት አይደለም ተብሎ ተፈቀደለት። የመጨረሻው ፊደል «ኦሞሎጋታ»፣ ማለት «በሕግ የጸደቀች» የሚል ነው። ሞተሩ ከነጂው በስተ ኋላ የተቀመጠው 250 ኤል. ኤም. ግን ያው ጥያቄ ሲቀርብለት ቍጥሩ አልሞላም ተብሎ ተከለከለ፤ በሙከራ መኪናዎች ደረጃም ለመወዳደር ተገደደ። ሆኖም በ1965 ዓመት ሌማንን አሸነፈ።

እነሆ አደጋው የሚመጣው ከዚህ ነው። በ2018 ዓመት አንድ 250 ጂ. ቲ. ኦ. በካሊፎርንያ ሐራጅ ከ48 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ ተሸጠ። ከ900 በላይ የተሠራው ባለ አራት መቀመጫ 250 ጂ. ቲ. ኢ. ግን ለረዥም ጊዜ ርካሽ ነበርና፣ በሁለቱ መንኰራኵሮች መካከል ያለው 260 ሴንቲሜትር ወደ 240 እየታጠረ፣ የጂ. ቲ. ኦ.ን የሚመስል አካል የለበሰው ብዙ ነው። አስመስሎ መሥራቱን በግልጽ የሚናገር ሰው አይወቀስም። ጥፋቱ ቅጅውን በዋናው ስም ለመሸጥ የተነሣ ሰው ነው። በዚህም ሳቢያ ከአንድ ቤርሊኔታ በስተቀር ሌላ ነገር የማያይ ዐይን በቀላሉ ይታለላል፤ ጥሩ ባለቤት የነበረው ጂ. ቲ. ኢ.ም ለብልት እየተበለተ ያልቃል።

ስለዚህ አስተዋይ ገዢ ሦስት ጥያቄዎችን በተራ ይጠይቃል። ጣሪያውና መስተዋቱ እንዴት ያለ ነው? የሻንሲውና የሞተሩ ቍጥር ከፋብሪካው መዝገብ ጋር ይስማማልን? አካሉን የሠራው ካሮሴሪያ የትኛው ነው፤ ከመጀመሪያውስ ለዚህ ሻንሲ ተሠርቶለት ነበርን? መልሶቹ ሲስማሙ ስሙ ይጸናል፤ አንዱ ቢጐድል ግን ቀለሙና ድምቀቱ ምንም ያህል ቢያምር ስሙ ብድር ነው። መዝገብ የሚጽፍ ሹምም ሆነ ውል የሚፈርም ነጋዴ፣ ስም እንደ ሚዛን ሁሉ የሰው መብት የሚጠበቅበት መሣሪያ መሆኑን አይዘንጋ።