ጓሳ የለበሰው የመንዝ ቤት

መንዝ ውስጥ ቤት ለመሥራት ያሰበ ሰው ድሮ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው የጓሳ ሣር ሜዳው ለአጨዳ መቼ እንደሚከፈት ነበር። ድንጋዩ ከደጁ ሞልቷል፤ ጭቃውም አይቸግርም። ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው በዚያ ብርዳም ደጋ ያለ ጥሩ ክዳን ክረምቱን መዝለቅ ግን አይታሰብም። ክዳኑ የሚመጣው ደግሞ ከአንድ ስፍራ ነው፤ ሕዝቡ በመቶዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት በሕግ ጠብቆ ካቆየው ከጓሳ ሜዳ።

አሮጌው የመንዝ ቤት ክብ ነው። ግድግዳው እየተመረጠ በተደረደረ ድንጋይ ይነሣል፤ ክፍተቱን ጭቃ ይሞላዋል። ዛፍ ብርቅ በሆነበት አገር ግድግዳን በእንጨት ማቆም አይቻልምና ያለው እንጨት የሚቆጠበው ለምሰሶው፣ ለወራጁና ለማገሩ ነው። ወራጁ ከግድግዳው ጫፍ ተነሥቶ መሐል ላይ ይገናኛል፤ ማገሩ ዙሪያውን እየዞረ ያያይዘዋል። ማሰሪያው ገመድም ከዚያው ከጓሳ ሊገመድ ይችላል። ክደናው የሚጀመረው ከታች ከክፈፉ ነው። የመጀመሪያው ዙር ከታሰረ በኋላ ቀጣዩ የእሱን ራስ እየሸፈነ ይደረባል፤ እንዲህ እየተባለ እስከ ጉልላቱ ይወጣል። የዝናቡ ውኃ ከአንዱ ሣር ወደ ሌላው እየተንሸራተተ ወርዶ ከግድግዳው ራቅ ብሎ እንዲንጠባጠብ የሚያደርገው ይህ አደራረብና የጣሪያው ሹልነት ነው። ሥራው የአንድ ሰው አይደለም፤ በደቦ ይጠራል። ከላይ ሆኖ የሚከድነው ግን እጁ የታወቀ ሰው መሆን አለበት፤ አንድ ቦታ የሳሳ ክዳን ሐምሌ ላይ ይጋለጣል።

ውስጡ ጨለም ያለ ነው። በሩ ጠባብ፣ መስኮቱ ትንሽ ወይም ጭራሹን የሌለ ነው፤ ብርዱ እንዳይገባ። ከብቱም በጉም ማታ ከሰው ጋር ይጠለላል፤ ትንፋሹም ቤቱን ያሞቃል። የምድጃው ጭስ በክዳኑ ውስጥ አልፎ ይወጣል፤ ሲያልፍም ሣሩን ያደርቀዋል፣ ነቀዙን ያርቃል። ሰው ወጥቶበት እሳት የማይነድበት ሣር ቤት ቶሎ የሚበሰብሰውም ለዚህ ነው። ይህን ሁሉ ሳደንቅ ጭሱ የስንቷን እናት ዓይንና ሳንባ እንደጎዳ መርሳት አልፈልግም። አሮጌውን ቤት የምንወድ ሰዎች ይህንን ሳንናገር ብናልፍ በውስጡ የኖሩትን እንበድላለን።

ጓሳ ረዥም፣ ጠንካራና ቀጭን የደጋ ሣር ነው። ከክዳን ሌላ ገመድ ይገመድበታል፤ እረኛው ዝናብ የሚከላከልበት ገሳም ይሠራበታል። የሚበቅልበት ሜዳ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ሲሆን ከፍታው ከ3,200 ሜትር ይጀምራል። ዶክተር ዘላለም ተፈራ እ.ኤ.አ. በ2001 ለዶክትሬት ያቀረቡት ጥናት የሜዳውን አጠባበቅ በሰፊው መዝግቦታል። ቄሮ የሚባለው ሥርዓት እ.ኤ.አ. ከ17ኛው ክፍለ ዘመን የሚቆጠር ነው፤ አፈ ታሪኩ የሜዳውን መከፈል አስቦና ጌራ ከሚባሉ አባቶች ጋር ያያይዘዋል። ከእነሱ የሚወለዱ ባለ አጽመ ርስቶች አለቃ ይመርጡ ነበር፤ ሜዳው ለዓመታት፣ አንዳንዴም እስከ 5 ዓመት ድረስ፣ ለማጨድም ለግጦሽም ይዘጋ ነበር። ጥበቃውን ተራ ገብተው ይወጡ ነበር፤ የጣሰ ይቀጣ ነበር። ሣሩ ሲደርስ በበጋ ይከፈት፣ በታጨደው ላይ ከብት ይሰማራ፣ ከዚያ ተመልሶ ይዘጋ ነበር። በአንድ መንደር ውስጥ ስንት ቤት በስንት ዓመት እንደሚታደስ የሚወስነው እንግዲህ የባለቤቱ ፍላጎት ብቻ አልነበረም።

የካቲት 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ይህን ሥርዓት አፈረሰው። አዋጁ የትውልድ ሐረግ መብትን ሻረ፤ ከቄሮ ውጪ የነበረውም ገበሬ ድርሻዬ ይሰጠኝ አለ። ጥያቄው ተገቢ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ የሜዳው ጥበቃ ከሐረጉ ላልተወለዱ የተዘጋ በር ነበርና። ጉዳቱ የመጣው አሮጌው ጠባቂ ሲሻር የሚተካው ሳይዘጋጅ በመቅረቱ ነው። ሜዳው ግን ጨርሶ አልጠፋም። ሕዝቡ ተነጋግሮ ነባሩንም አዲሱንም ተጠቃሚ የያዘ የቀበሌ ኮሚቴ አቋቋመ፤ ስፍራውም በአማራ ክልል ሕግ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ሆነ። ዛሬ ቀይ ቀበሮውና ጭላዳው እዚያ የሚታዩት ገበሬው የቤቱን ክዳን ሲጠብቅ አብሮ ስለጠበቃቸው ነው።

ሜዳው ተረፈ፤ ቤቱ ግን እየሄደ ነው። ቆርቆሮ አንዴ ከተመታ ለዓመታት ዕድሳት አይጠይቅም፤ ለእሳትም አይበገርም፤ የባለቤቱንም መክበር ለጎረቤት ያሳያል። በዚህ ምክንያት ቆርቆሮን የመረጠውን ገበሬ አልወቅስም። ቆርቆሮ ሌሊት ብርዱን አያስጥልም፤ ዝናብ ሲወርድበትም ንግግር አያሰማም፤ ሆኖም ሰው ቤቱን የሚሠራው ለእንግዳ ካሜራ ብሎ አይደለም። የማልቀበለው ሣር ቤትን የኋላ ቀርነት ምልክት አድርጎ የሚያየውን የባለሥልጣንና የባለሙያ አስተሳሰብ ነው። ክዳኑ ከሄደ የቄሮ ሕግ የተሠራበት ዋና ምክንያት ይቀንሳል፤ ለክዳን የማይፈልገውን ሜዳ ገበሬው ለግጦሽና ለእርሻ ሳይከፍተው ለምን ይታገሣል? የቱሪስት ገቢ ብቻውን ለዚህ ጥያቄ መልስ ይሰጣል ብዬ አላምንም።

ስለዚህ የምጠይቀው ጥቂት ነገር ነው። የዞኑና የወረዳዎቹ የባህል ጽሕፈት ቤቶች ጣሪያቸው ሳይቀየር የቀሩትን አሮጌ ቤቶች ይለኩ፣ በሥዕልና በፎቶ ይመዝግቡ። ክደና የሚያውቁት አረጋውያን ሥራውን ለወጣት የሚያሳዩበት ደመወዝ ይመደብላቸው። ጭሱን ለማስወገድ ጣሪያውን መንቀል ግዴታ አይደለም፤ ጭስ ቀናሽ ምድጃና መውጫ ይሠራለት። ሜዳው በሚከፈትበት ጊዜም ቤቱን በጓሳ ለመክደን የወሰነ አባወራ ወይም እማወራ በሰልፉ ቅድሚያ ይሰጠው።