ድመት በቆርቆሮ ሥር

«ምድጃ ዳር ተጋድማ የምታድር ፍጥረት፣ ፀሐይ ምን ታደርጋታለች መምህር?» ይሉኛል ጎረቤቴ፣ ስለ ድመት ሙቀት ባነሣሁባቸው ቁጥር። ብቸና ላይ ሳይንስ አስተምራለሁ፤ እሳቸው ግን ከእኔ በላይ ድመት አሳድገዋል፤ ስለዚህ ነገራቸውን ችላ ብዬ አላልፈውም።

እውነትም ድመት የሞቃት አገር ዘር ናት። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ የዘር ጥናት እንዳሳየው የዓለም የቤት ድመት በሙሉ የሚመዘዘው ከመካከለኛው ምሥራቅ የዱር ድመት ነው። ደረቅ አገር ያሳደጋት ስለሆነች በትንሽ ውሃ ትኖራለች፤ ሽንቷ ወፍራምና ሽታው የከረረ የሆነውም ውሃ ስለምትቆጥብ ነው። እንዲህ ያለችው ፍጥረት 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በተቀመጡት በብቸናና በሞጣ፣ ደጋ ተብሎ በሚታወቅ አገር፣ በሙቀት ትሞታለች ሲባል ሰው ቢገረም አይፈረድበትም።

ለጎረቤቴ የምመልሰው ይህን ነው፦ ምድጃው ሲበዛባት ትነሣለች። አደጋው መነሣት ስትከለከል ነው።

ድመት እንደኛ በመላ ሰውነቷ አታልብም፤ የምታልበው በመዳፏ ብቻ ነው። ሌላውን ሙቀት የምታስወግደው በምላሷ ነው፤ ጠጉሯን ትልሳለች፣ ምራቁ ሲተን ገላዋ ይበርዳል። ከሁሉ በላይ ግን ቦታ መምረጥ ታውቃለች። የእኔዋ ውሮ ጠዋት መስኮት ላይ ናት፤ ረፋድ ላይ ወደ መደቡ ትወርዳለች፤ እኩለ ቀን ሲሆን እንስራው ሥር፣ ውሃ የነጠበበት አፈር ላይ፣ ሆዷን ለጥፋ ትገኛለች። በአንድ ቤት ውስጥ ሦስት የአየር ጠባይ አግኝታለች ማለት ነው። በሩ እስካልተዘጋባት ድረስ ከማንኛችንም በተሻለ ራሷን ታስተዳድራለች።

ችግሩ ቤቶቻችን መለወጣቸው ነው። የሣር ክዳን ሙቀት አያሳልፍም ነበር። ቆርቆሮ ግን ፀሐዩን ተቀብሎ ወደ ታች ይለቀዋል፤ ከየካቲት እስከ ግንቦት፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት ወራት፣ በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል ያለው ቦታ ሌላ ዓለም ነው። እኩለ ቀን ላይ በተቀደደው ኮርኒስ በኩል እጃችሁን ብትሰዱ ከምጣድ ላይ አክንባሎ ሲነሣ እንደሚመጣው ያለ ወላፈን ይቀበላችኋል። እናት ድመት ደግሞ መውለድ የምትወደው እዚያ ነው፤ ውሻ አይደርስባትም፣ ልጅ አይነካባትም፣ ጨለማ ነው። ሲሞቃት እሷ ዘላ ትወርዳለች። ዓይናቸው ያልተገለጠው ግልገሎች ግን የሰውነታቸውን ሙቀት መቆጣጠር ገና አልጀመሩም፤ መውረድም አይችሉም። በመጋቢትና በሚያዝያ «ድመቷ ልጆቿን ጨረሰቻቸው» ሲባል ስሰማ መጀመሪያ የምጠይቀው የት እንደ ወለደች ነው።

መላው ቀላል ነው። ሆዷ ሲገፋ ከጎተራው ኋላ ወይም አልጋ ሥር አሮጌ ጨርቅ የተነጠፈበት ካርቶን አስቀምጡላት። ኮርኒሱ ላይ ወልዳ ከሆነም ካርቶኑን ጨለማና ጸጥ ያለ ቦታ አዘጋጅታችሁ ጠብቁ፤ ብዙ ጊዜ በአፏ አንጠልጥላ ራሷ ታወርዳቸዋለች። የልጆች እጅ ከበዛባት ግን መልሳ ትወጣለች።

ከዚህ ጋር የሚገጥም ሌላ ነገር አለ፤ ጾም። 55 ቀኑ ዐቢይ ጾም የሚውለው በዚሁ በሙቀቱ ወራት ነው። ቤቱ ሲጾም ድመቷም አብራ ትጾማለች፤ የሚደርሳት ሽሮ የነካ እንጀራ ነው። ሽሮው ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት አለበት፤ ሁለቱም የድመትን ደም ያበላሻሉ። ጨው ደግሞ ውሃ ያስጠማታል። ድመት ያለ ሥጋ መኖር አትችልም፤ ሥጋ ደግሞ ለእሷ ምግብም ውሃም ነው፤ የአይጥ ገላ ሁለት ሦስተኛው ገደማ ውሃ ነው። ስለዚህ ጎተራ ያለው ቤት ድመት ጾሙን በደህና ታልፋለች፤ የጤፍ አገር በመሆናችን አይጥ አይጠፋም። በጎተራ ፈንታ ሲሚንቶ ወለል ያለው የከተማ ቤት ውስጥ የምትኖረው ግን ሰው ካላሰበላት ትጎዳለች። የአሣ ራስም ሆነ የሥጋ ቤት ቁርጥራጭ፣ ያለ ቅመም የተቀቀለ፣ ብትሰጧት ጾማችሁ አይፈርስም።

ወተት እንደ ውሃ ይቆጠርልኝ የሚል ሰውም አለ። አብዛኛዋ ያደገች ድመት ወተትና አጓት አይስማሟትም፤ ያስቀምጧታል፣ በሰውነቷ ያለውን ውሃም ይዘውት ይወጣሉ። አንዲት አራት ኪሎ የምትመዝን ድመት በቀን ከምግቧ የምታገኘውን ጨምሮ 200 ሚሊ ሊትር ያህል ውሃ ያስፈልጋታል፤ ሦስት የቡና ሲኒ ገደማ። ሰፋ ያለ ጣባ ከላስቲክ ዕቃ ይበልጣል፤ ሸክላው ያዛል፣ ውሃው ቀዝቀዝ ይላል። ከምግቧ ራቅ አድርጋችሁ ጥላ ላይ አኑሩት። ድመት ከምትበላበት አጠገብ መጠጣት ብዙም አትወድም።

በእኛ አገር አዲስ የመጣች ድመት ቤቱን እስክትለምድ በሲባጎ ትታሰራለች። ማሰሩን አልደግፍም፤ ክፍል ዘግቶ ማልመድ ይሻላል። ካሰራችሁ ግን ጥላው ከሰዓት በኋላ እንደሚዞር አትርሱ። ጠዋት በጥላ የታሰረች ድመት ዘጠኝ ሰዓት ላይ በጠራራ ፀሐይ ልትሆን ትችላለች። ጆሮዋና አፍንጫዋ ነጭ ከሆነ ደግሞ የደጋ ፀሐይ ያቃጥላታል፤ ዓመታት ሲደጋገም ወደ ካንሰር የሚለወጥ ቁስል ያወጣል።

ከሁሉ የከፋው መንገድ ነው። ከየጥኖራ ወይም ከብቸና አዲስ አበባ ላለ ዘመድ ግልገል ድመት መላክ የተለመደ ነው፤ «የጎጃም ድመት አይጥ አትምርም» ይባላልና። ግልገሏ ማዳበሪያ ውስጥ ትገባለች፤ አንዳንዴም ከዶሮው ጋር ፖርቶመጋላ ላይ ትወጣለች። ደጀን ላይ ቀዝቃዛ ነፋስ አለ። ከዚያ አውቶቡሱ ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርድ፣ ድልድዩ እስኪደረስ ከ1,200 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው፤ በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በስድስት ዲግሪ ገደማ ይጨምራል። ላስቲክ ማዳበሪያ ውስጥ ላለች ድመት ምላሷም መዳፏም አይረዷትም፤ አየር ካልተመላለሰ ምንም አይተንም። የግል መኪና ያላችሁም አትመኩ፤ ውጭው 24 ዲግሪ ብቻ ሆኖ ፀሐይ ላይ የቆመ ዝግ መኪና በ10 ደቂቃ 34 ገደማ ይደርሳል፣ በግማሽ ሰዓት ከ40 ያልፋል። ምሳ ለመብላት ደጀን ላይ የምትቆሙባት ጊዜ ትበቃዋለች።

የጤነኛ ድመት ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ነው። ከ40 ካለፈ ሕይወቷ አደጋ ላይ ነው። ውሻ አፉን ከፍቶ ቢያለከልክ ልማዱ ነው፤ ድመት አፏን ከፍታ ካለከለከች ግን ነገር ተበላሽቷል። ለሐጯ ከተዝረበረበ፣ ድዷ ከቀላ፣ ከተንገዳገደች ጊዜ አትስጡ። ወደ ጥላ አውጧት፣ ሆዷንና መዳፏን ቀዝቀዝ ባለ ውሃ አርጥቡ፣ አራግቡላት። በረዶ ውሃ ውስጥ አትንከሯት። ውሃውን አቅርቡላት እንጂ በጉሮሮዋ አታፍስሱ። ከዚያ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ውሰዷት፤ ክሊኒኩ በሬና በግ የለመደ ቢሆንም የድመት ትኩሳት መለካት አያቅተውም።

አንድ ነገር ግን አደራ። «ትኩሳት ነው» ብላችሁ ከቤት ያለ ፓራሲታሞል እንዳትሰጧት። ሰውን የሚያድነው ክኒን፣ ግማሹም ቢሆን፣ ድመት ይገድላል።