«በግል ጉዳይ» የሚሉ ደብዳቤዎች

የሥራ መልቀቂያ ደብዳቤ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። «በግል ጉዳይ ምክንያት ሥራዬን በገዛ ፈቃዴ መልቀቄን እየገለጽኩ፣ እስካሁን ስለተደረገልኝ ትብብር አመሰግናለሁ» ይላል፤ ቀንና ፊርማ አለው። መዝገብ ቤት ገቢ ያደርገውና ወደ እኛ ክፍል ይመራዋል፤ እኛም ክሊራንስ እናስጀምራለን። በሰው ኃይል አስተዳደር ሥራ ላይ የቆየ ሰው ግን እነዚህን ደብዳቤዎች ነጥሎ ሳይሆን ደርድሮ ማንበብ ይለምዳል። ከአንድ ክፍል፣ በአንድ አለቃ ሥር፣ ወጣት ሴቶች ብቻ እየተከታተሉ «በግል ጉዳይ» የሚለቁ ከሆነ ጉዳዩ የግል አይደለም።

ጾታዊ ትንኮሳ በስሙ ተጠርቶ ቢሮዬ የገባበት ጊዜ ጥቂት ነው። የሚመጣው ሌላ ነገር መስሎ ነው። የፈረቃ ለውጥ ጥያቄ ይሆናል፤ ተደጋጋሚ የሕመም ፈቃድ ይሆናል፤ ዕድገት ሲሰጧት «አልፈልግም፣ ባለሁበት ይሻለኛል» የምትል ጎበዝ ሠራተኛ ትሆናለች። በልብስ ስፌት ፋብሪካ ስሠራ ከቀን ፈረቃ ወደ ሌሊት እንድትዛወር የጠየቀች አንዲት ልጅ አስታውሳለሁ። ሌሊቱን ማንም አይፈልገውም፤ ሰርቪሱም የሚያወርዳት ከቤቷ ርቆ ነበር። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት «እትዬ፣ ምክንያቱን ባልናገር ይሻለኛል» አለችኝ። በሩን ዘጋሁ፤ ሻይ አስመጣሁላት፤ ዝም ብዬም ጠበቅኳት። የትርፍ ሰዓት ስም ዝርዝር የሚያወጣው ሱፐርቫይዘር ማታ ማታ ይደውልላታል። ስልኩን ካላነሳች በሚቀጥለው ሳምንት ስሟ ዝርዝሩ ላይ የለም። ደመወዟ ለምግብ፣ ትርፍ ሰዓቱ ለቤት ኪራይ ነበር።

ትንኮሳ ሲባል ብዙው ሰው የሚታየው እጁን የሚሰድ ባለጌ ነው። እኔ ካየሁት አብዛኛው ግን በወረቀት የሚሠራ ነው። የአፈጻጸም ምዘናውን የሚሞላው እሱ ነው፤ የዓመት ፈቃዷን የሚፈቅደው እሱ ነው፤ የሙከራ ጊዜዋን አልፋለች ወይም አላለፈችም ብሎ የሚጽፈውም እሱ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ሊደርስ ይችላል፤ በዚያ መሃል «ለሥራው ብቁ አይደለችም» ከተባለ ያለማስጠንቀቂያ ትሰናበታለች። ይህን የሚያውቅ ክፉ አለቃ አዲስ ገቢዋን ይመርጣል። ገና ጓደኛ አላፈራችም፤ የሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይ ማን እንደሆነ አታውቅም፤ ዋስ ያገኘችው ዘመድ ለምና ነው፤ አገር ቤት ብር የሚጠብቁ ታናናሾች አሏት። በግሉ ዘርፍ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ገና ባልተቆረጠበት አገር የአንድ ሳምንት ትርፍ ሰዓት መቅረት ምን እንደሆነ የሚያውቀው የቀረበት ሰው ነው።

ሕጉስ? አሁን ካለው አዋጅ በፊት የነበረው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 377/1996 ጾታዊ ትንኮሳን በስሙ አያነሳውም ነበር። የወንጀል ሕጉ በአንቀጽ 625 የሴትን ችግር ወይም በእሷ ላይ ያለውን ሥልጣን መጠቀሚያ አድርጎ ግብረ ሥጋ ወይም ሌላ የብልግና ድርጊት የፈጸመን አሠሪ ይቀጣል፤ ነገር ግን የሚደርሰው ነገሩ ከተፈጸመ በኋላ፣ ያውም እሷ አቤት ስትል ነው። የ2011ዱ አዋጅ ለትንኮሳ ትርጉም ሰጠው፤ በአንቀጽ 14 ከለከለው፤ በአንቀጽ 32 ደግሞ በአሠሪው ወይም በሥራ መሪው የተተነኮሰች ሠራተኛ ያለማስጠንቀቂያ ውሉን ማቋረጥ እንደምትችል ደነገገ። በሌላ በቂ ምክንያት ያለማስጠንቀቂያ የሚለቅ ሠራተኛ ከስንብት ክፍያው በተጨማሪ የቀን ደመወዙ በ30 ተባዝቶ ይከፈለዋል፤ በትንኮሳ ምክንያት ለምትለቅ ግን ማባዣው 90 ነው። ሕግ አውጪው ነገሩን አቅልሎ እንዳላየው ከዚህ ይታወቃል።

አዋጁ ክፍተት የለበትም አልልም። ትርጉሙ የሚያተኩረው ለወሲብ ማግባባትና መገፋፋት ላይ ስለሆነ፣ ስለ ሴት ሰውነት በሰው ፊት እያወሩ ማሳቀቅን የመሰለ ነገር ከውስጡ ይወጣል የሚል ተከራካሪ አይጠፋም። ሱፐርቫይዘር በሕጉ አነጋገር «የሥራ መሪ» ነው ወይ የሚለውም ያከራክራል፤ አዋጁ የሥራ መሪ የሚለው የመቅጠር፣ የማዛወርና የመቅጣት ዓይነት ሥልጣን ያለውን ነው። የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው ስምምነት ቁጥር 190 በዚህ ረገድ ሰፊ ነው። ተለማማጁን፣ ሥራ ፈላጊውን፣ ወደ ሥራ የሚኬድበትን መንገድ ሳይቀር ይጨምራል። የእኛም አዋጅ ሲሻሻል ወደዚያ ቢሰፋ እመኛለሁ።

ሁሉንም የሚበልጥብኝ ግን አንቀጽ 33 ነው። ያለማስጠንቀቂያ የመልቀቅ መብቷ ድርጊቱ ከተፈጸመበት ወይም ካቆመበት ቀን ጀምሮ በ15 የሥራ ቀን ውስጥ ካልተጠቀመችበት ይቀራል። በሳምንት ስድስት ቀን በሚሠራ ፋብሪካ ይህ ሁለት ሳምንት ተኩል ብቻ ነው። በእነዚያ ቀናት በየመሥሪያ ቤታችን የሚሆነውን ስለማውቅ ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ። ልጅቷ እንደምንም ደፍራ ትናገራለች። የሰማው ኃላፊ «እስቲ በመጀመሪያ በሽምግልና እንየው» ይላል። ከፋይናንስ አንድ የተከበሩ ጋሼ፣ ከግምጃ ቤት አንዲት እናት ይጠራሉ። «ልጆች አሉት፤ ትዳሩን አታፍርሺበት።» «አንቺም እኮ ስምሽ ይነሳል፤ ገና ልጅ ነሽ፣ ነገ ታገቢያለሽ።» እሱ ይቅርታ ይላል፤ እሷም አንገቷን ደፍታ እሺ ትላለች። በማግስቱ ወደዚያው ክፍል፣ ወደዚያው አለቃ ትመለሳለች።

ሽምግልና የማከብረው ባህላችን ነው፤ ስንት የተቃቃረ ሰው ሲያስታርቅ በዓይኔ አይቻለሁ። ነገር ግን እርቅ ሁለት የተጣሉ ሰዎችን ይፈልጋል። ይህች ልጅ ከማንም ጋር አልተጣላችም። አንዱ የሌላውን የምዘና ወረቀት በሚሞላበት ቦታ «ሁለታችሁም ተዉ» ማለት እሷን ብቻ ተይ ማለት ነው። ሽማግሌዎቹ ሲጨርሱ 15ቱ ቀን አልቋል። ከዚያ በኋላ መውጫዋ እንደማንኛውም ሰው የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መልቀቅ ነው። አላስችል ብሏት ድንገት ከቀረች ደግሞ ሕጉ እስከ 30 ቀን ደመወዝ ለአሠሪው ካሣ ሊያስከፍላት ይችላል። የተተነኮሰችው ከፋይ ትሆናለች። «በግል ጉዳይ» የምትለዋ ቃል የምትጻፈው ያኔ ነው።

ኪሳራውን የሥራ አመራር ስብሰባ ላይ ሳነሳ መጀመሪያ የሚመጣልኝ ጥያቄ «በብር ስንት ነው?» የሚል ነው። ጥያቄው አያስከፋኝም፤ መልስ አለው። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ሠራተኞችን ጉዳይ የሚመለከተው ቦርድ ትንኮሳ መንግሥትን እ.ኤ.አ. ከ1992 እስከ 1994 በሁለት ዓመት ውስጥ ያስወጣውን አስልቶ 327 ሚሊዮን ዶላር ደርሶበታል። የሥራ መልቀቅ ወጪው ወደ 25 ሚሊዮን፣ የሕመም ፈቃዱ ወደ 15 ሚሊዮን፣ የተተነኮሱት ሰዎች የሥራ ምርታማነት መቀነስ ወደ 94 ሚሊዮን ነበር። የቀረው ወደ 194 ሚሊዮን የሚጠጋው፣ ማለትም ከግማሽ በላዩ፣ አብረዋቸው የሚሠሩት ሰዎች ምርታማነት መቀነስ ነው።

አገሩ ሌላ፣ ደመወዙም ሌላ ነው፤ ይህን ቁጥር ወደ ብር መንዝሬ ለእኛ ፋብሪካዎች አላውለውም። አሠራሩ ግን በስፌት መስመር ላይ በየቀኑ የማየው ነው። አንዲት ሠራተኛ ስትጎድል የሚቆመው የእሷ ማሽን ብቻ አይደለም፤ ሥራው ከእሷ በፊት ባለችው ዘንድ ይከመራል፣ ከእሷ በኋላ ያለችው እጇን አጣጥፋ ትጠብቃለች። ባትጎድልም ቀልቧ ሱፐርቫይዘሩ የቆመበት ላይ ሲሆን ስፌቷ ይበላሻል፤ ጥራት ተቆጣጣሪዋ ትመልሰዋለች። አጠገቧ ያሉት ሁሉንም አይተዋል። ቀጣይዋ ማን እንደሆነች ያስባሉ። ትርፍ ሰዓት በምን እንደሚገኝ አይተው ጉብዝና ዋጋ እንደሌለው ይደመድማሉ። እንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ የምርት ዕቅድ ማውጣት ወረቀት ማበላሸት ነው።

እሷ የከፈለችው ደግሞ በየትኛውም የሒሳብ መዝገብ አይገባም። የለመደችው እጅ፣ የደረሰላት ዕድገት፣ የደመወዝ እርከኗ ይቀራል፤ ሌላ ቦታ ስትገባ እንደገና ከሙከራ ጊዜ ትጀምራለች። አንዳንዷ በቃኝ ብላ ወደ ዐረብ አገር የምትሄድበትን ትጠይቃለች።

«የሐሰት ክስ ቢሆንስ?» የሚሉኝ ኃላፊዎች አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የሰው ስም በከንቱ መጥፋት የለበትም። መልሱ ግን በደንብ ማጣራት እንጂ ማድበስበስ አይደለም። ለብቻ ቃል መቀበል፣ የስልክ መልእክትና የጥሪ ቀን ማየት፣ የትርፍ ሰዓት ዝርዝሩን ከሳምንት ሳምንት ማመሳከር፣ ተከሳሹን መስማት፣ ውሳኔውን በጽሑፍ መስጠት ነው። ንጹሑን ሰው የሚያጠራውም ይኸው ነው፤ ሽምግልናው ሐሜቱን ለሁለቱም አሸክሟቸው ይቀራል።

ለሙያ ባልደረቦቼ የምለምነው ትንሽ ነገር ነው። አቤቱታ የሰማችሁበትን ቀን በዚያው ቀን ጻፉ፤ 15ቱ ቀን እየተቆጠረ መሆኑንም ለሠራተኛዋ ንገሯት። እስኪጣራ ድረስ መነሳት ካለበት፣ ከምዘናና ከስም ዝርዝር ሥልጣኑ የሚነሳው እሱ ይሁን፤ እሷን ከወዳጆቿ ነጥላችሁ ሌላ ክፍል አትወርውሯት። የትርፍ ሰዓት ድልድል በአንድ ሰው እጅ አይሁን። ለምትለቅ ሠራተኛ የቅርብ አለቃዋን የክሊራንስ ፊርማ እናንተ ሄዳችሁ አስፈርሙ፤ እሱ በር ላይ አታስቁሟት።

አንቺ ደግሞ ይህን የምታነቢ እህቴ፣ የሆነውን ከነቀኑና ከነሰዓቱ ጻፊው፤ የላከልሽን መልእክት አታጥፊው፤ ለምታምኛት አንዲት ሰው ንገሪ። መልቀቂያ ከመጻፍሽ በፊት ወደ ሠራተኛ ማኅበርሽ፣ ማኅበር ከሌለሽ ወደ ሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ወይም ወደ ሕግ ባለሙያ ሂጂ። ምክንያቱ ትንኮሳ ከሆነ ደብዳቤሽ ላይ ትንኮሳ ብለሽ ጻፊ። ያለሽ ጊዜ 15 የሥራ ቀን ነው።