ጽኑ ዓለት በጥልቅ ምድር ለምን ይፈነዳል?

በቻይና ሲቹዋን ግዛት፣ በጂንፒንግ ተራራ ሥር ለኃይል ማመንጫ ዋሻ ሲቆፈር፣ ኅዳር 19 ቀን 2002 ዓ.ም የእብነ በረድ ዓለት በድንገት ፈንድቶ የ7 ሠራተኞችን ሕይወት ቀጥፏል።

ከዋሻዎቹ በላይ ያለው የተራራው ውፍረት እስከ 2 ሺህ 525 ሜትር ይደርሳል። ይህም በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ከ6 ሺህ ቶን በላይ ክብደት ማለት ነው። ያልተነካ ዓለት ከየአቅጣጫው ስለሚደገፍ ጫናውን ይችለዋል። ዋሻ ሲከፈት ግን የአንድ ወገን ድጋፍ ይጠፋል፤ ጫናውም በዋሻው ዙሪያ ይከማቻል። ከግድግዳው ጎን ለጎን አዳዲስ ስንጥቆች ይፈጠራሉ፤ ዓለቱም እንደ ሽንኩርት በንብርብር ይላጣል።

ዓለቱ ቀድሞውኑ የተፈጥሮ ስንጥቅ ካለው፣ አደጋው በስንጥቁ ኹኔታ ይወሰናል። አፈር የሞላው ስንጥቅ ቀስ በቀስ ይንሸራተታል። ገጽ ለገጽ የተቆለፈው ግን ኃይሉን እንደ ተወጠረ ደጋን አምቆ ይቆይና በአንድ ጊዜ ይለቀዋል።

ስለዚህ መሐንዲሶች ግድግዳውን በረጃጅም ብረትና በሽቦ መረብ ያስሩታል፤ ኮንክሪትም ይረጩበታል። ትንንሽ ስንጥቆች ሲፈጠሩ የሚያሰሙትን ድምፅ በመሣሪያ እያዳመጡም፣ አደጋው ከመድረሱ በፊት ሠራተኞችን ለማራቅ ይጥራሉ።