በካሬ የሚሸጥ ባዶ ቦታ

ባነር የምንሸጠው በካሬ ነው። ጣጣው የሚጀምረውም እዚያው ላይ ነው። ዓለም ባንክ በሚባለው ሰፈራችን ውስጥ ካሬ ሲባል ሰው ቀድሞ ትዝ የሚለው መሬት ነው፤ መሬት ተገኝቶ ደግሞ ባዶውን አይተውም። ሰፈሩ ራሱ ስሙን ያገኘው በዓለም ባንክ ገንዘብ ከተሠሩ ቤቶች ነው። (እንግዳ ሰው «ባንኩ የት ጋ ነው?» ብሎ ሲጠይቀን እንስቃለን።) ስለዚህ የሦስት ካሬ ሒሳብ የከፈለ ደንበኛ ሦስቱንም ካሬ እስከ አጥሩ ድረስ ተገንብቶ ማየት ይፈልጋል።

ክረምቱ ሊገባ ሲል አንዲት እናት ወደ ሱቄ መጡ። እንጀራ ጋግረው ያከፋፍላሉ። 3 ሜትር በ1 ሜትር ማስታወቂያ ፈልገው በወረቀት ጽፈው ያመጡት ይህን ነበር፦ የቤቱ ስም፣ የነጭና የሰርገኛ ጤፍ እንጀራ፣ ለሠርግ፣ ለልደትና ለተዝካር ትእዛዝ እንቀበላለን፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ድርቆሽ፣ ሁለት ስልክ ቁጥር፣ «እግዚአብሔር ይመስገን»፤ በዚያ ላይ የምጣድ ፎቶ። አሳጥሬ ሠርቼ ሳሳያቸው ዓይናቸው ያረፈው በግራ በኩል ሳልነካው በተውኩት ቦታ ላይ ነው።

«ልጄ፣ ይሄ ባዶው ምንድነው?»

«ለዓይን ማረፊያ ነው፣ እማማ።»

«ዓይን ቤቱ ሄዶ ይረፍ! እኔ ከፍዬበታለሁ።»

እውነት አላቸው፤ ከፍለዋል። ግን ከአየር ጤና የሚመጣ ታክሲ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ቢሄድ በሰከንድ ከ8 ሜትር በላይ ይጓዛል። ከ25 ሜትር ማንበብ የጀመረ ተሳፋሪ ያለው ሦስት ሰከንድ ነው፤ እሱም ረዳቱ መሀል ላይ «ሒሳብ!» ካላለው። በሙያችን ለላቲን ፊደል የተለመደው ግምት 10 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ፊደል ከ12 ሜትር ገደማ ያለ ችግር ይነበባል የሚል ነው። ለ25 ሜትር እንግዲህ 20 ሴንቲ ሜትር ይፈልጋል። የእማማ ዘጠኝ መስመር አንድ ሜትር ላይ ሲደረደር አንዱ ፊደል ቢበዛ 7 ሴንቲ ሜትር ይደርሰዋል።

የእኛ ፊደል ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ፈረንጅ ርዕሱን በትልልቁ ፊደል ጽፎ ይገላገላል፤ እኛ ትልቅና ትንሽ ፊደል ስለሌለን አንዱን ቃል ከሌላው የምናስበልጠው በመጠን፣ በውፍረትና በቀለም ነው። ውፍረቱን ብዙዎቻችን እናበላሸዋለን። ከዊንዶውስ ጋር የመጣው ኒያላ የሚባለው ፎንት በአንድ ውፍረት ብቻ የተሠራ ነው፤ ወፍር ሲሉት ኮምፒውተሩ የፊደሉን ዳር ዳር በራሱ ያደልበዋል። ያኔ የኃምሱ ቀለበት ይደፈንና «ሌ» ከሩቅ «ሊ» ሆና ቁጭ ትላለች።

ብራና ላይ ይጽፉ የነበሩ ቁም ጸሐፊዎች ቦታ እንደ እኛ አልረከሰላቸውም፤ ለአንድ መጽሐፍ ስንት ፍየል እንደሚታረድ አስቡት። ሆኖም ኅዳጉን ሰፋ አድርገው ይተዉታል። ዳርና ዳሩን በወስፌ ወግተው፣ ያለ ቀለም ጫን ብለው አስምረው፣ ፊደሉን በዚያ ያሰልፉታል። ቀዩን ቀለም የሚነክሩት ለመክፈቻው መስመርና ለቅዱሳን ስም ነው። ገጹ በሙሉ ቢቀላ ቀዩ ማንንም ባልጠራ ነበር። የእኛ መንገድ ግን ቀይ በቢጫ ላይ፣ ከሥሩ ጥላ፣ ከዳሩ ነጭ ጠርዝ ነው። ፀሐይ ደግሞ ከባነር ላይ ቀድማ የምትበላው ቀዩንና ቢጫውን ስለሆነ፣ ከርሞ ሲታይ የሥጋ ቤቱ ብልት ሰማያዊ ሆኖ ይገኛል።

ይህን ሁሉ ለእማማ አልዘረዘርኩም። የእሳቸውን ሙሉውንና የእኔን በኤ ፎር ወረቀት አተምኩና ግድግዳው ላይ ጎን ለጎን ለጠፍኳቸው። ኤ ፎር ከባነሩ አሥር እጥፍ ያጥራል፤ ስለዚህ ሁለት ሜትር ተኩል ርቆ ማየት ባነሩን ከ25 ሜትር እንደማየት ነው። በሩ ላይ አቆምኳቸውና እስከ ሦስት ቆጠርኩ።

«ያኛው እንጀራ ይላል» አሉ። «ይሄኛው… ይሄኛው ሰው የበዛበት ድንኳን ነው።»

የምጣዱ ፎቶ ወጣ። ሽሮና በርበሬው ከነድርቆሹ በር ላይ በሚለጠፍ ስቲከር ሆነ፤ እሱን የሚያነበው ቆሞ የሚገዛ ሰው ነው። ስልኮቹ ላይ ተሸነፍኩ፤ ሁለቱም ገቡ። «እግዚአብሔር ይመስገን»ን ላውጣ ለማለት ድፍረቱም አልነበረኝም፤ ከታች ጥግ ላይ በትንሹ አለ።

ባነር ልታሠሩ ያሰባችሁ፣ ጽሑፉን ከመጻፋችሁ በፊት የሚሰቀልበትን ግድግዳ ከአስፋልቱ ማዶ ሆናችሁ በስልካችሁ አንሱና ይዛችሁ ኑ።